በግድግዳ የተሰማው ከበሮ

መብራት ሲመጣ ያለምዘውድ ተንበርክካ የፕላስቲኩን ከበሮ የመጨረሻ እግር እየገጠመች ነበር። ቴሌቪዥኑ ብልጭ ብሎ ተነሣ። ሪሞቱን ከአልጋው ላይ ፈልጋ ድምፁን እስከ መጨረሻው ዘጋችው።

"ድምፅ ከሌለው ታዲያ ምኑን ሙዚቃ ሆነ?" አለች ታናሽ እኅቷ ምሕረት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች።

"በዓይን የሚሰማ ነው። ነይ፣ እንጨቶቹን ያዢ።"

ምሕረት ወዲያው አልተነሣችም። መጀመሪያ በሩን አየች። ቀጥላም ከበሩ በላይ ምስማር ላይ በጥቁር ነጠላ ተጠቅልሎ የተሰቀለውን እውነተኛውን ከበሮ አየች። እናታቸው ቤተ ክርስቲያን ናት። የፍልሰታ ጾም ማብቂያ ስለሆነ ቅዳሴው ይረዝማል፤ ቶሎ አትመለስም።

ነገ ሻደይ ነው። የሰቆጣ ልጃገረዶች ሻደይ የሚባለውን ለምለም ሣር በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ከደጅ ደጅ የሚዞሩበት በዓል። የዚህ ሰፈር ልጆች ከበሮ የሚያድረው ደግሞ እዚሁ፣ እነ ያለምዘውድ ቤት ነው። እናታቸው ወለተ ሚካኤል በልጅነቷ መትታዋለች፤ ከእሷ ያለምዘውድ ተቀበለች፤ ከያለምዘውድ ምሕረት። አምና ሰኔ ላይ ወንድማቸው ምንይሉ በአምደወርቅ መንገድ የሚነዳው ሚኒባስ ተገልብጦ ሲሞት፣ ወለተ ሚካኤል ከበሮውን በጥቁር ነጠላ ጠቅልላ ሰቀለችው።

አምና ስለ ከበሮው ማንም ትንፍሽ አላለም። ዘንድሮ ግን ሙት ዓመቱ ወጥቷል፣ ተዝካሩም ተበልቷል፤ ወለተ ሚካኤል ግን ጥቁሯን አላወለቀችም፣ ከበሮውንም አላወረደችም። ሰፈሩ ይጠብቃል። ሐዘንተኛን ከበሮሽን አውርጂ ማለት ነውር ነው። ከሐዘንተኛው ቤት ራሱ ከበሮ ሲሰማ ነው ጎረቤት እልል ብሎ የሚገባው። ስለዚህ ልጃገረዶቹ ከወንዙ ማዶ ወርደው ቢጫ ጀሪካን እየመቱ ይለማመዱ ነበር። በእነ ምሕረት በር ሲያልፉ ጀሪካኑን ነጠላ ውስጥ ይሸሽጉታል፤ ዘፈኑንም ይውጡታል። ምሕረት ከአጥሩ ውስጥ ሆና ታያቸዋለች። የምታቀነቅነው ዓይናዲስ የምትባለው ጓደኛዋ ነበረች። ዓይናዲስ ለእናትሽ ንገሪያት እንጂ ብትላት፣ ምሕረት አንቺ ንገሪያት ብላ መልሳላታለች። ሁለቱም አልደፈሩም።

ያለምዘውድም አልደፈረችም። ትልቋ እሷ ናት፤ የተማረችውም እሷ። ከሃንጋሪ፣ ከደብረሰን ከተማ፣ የውኃ ምሕንድስናዋን ጨርሳ የተመለሰችው ባለፈው ፋሲካ ማግስት ነው። እናቷ የከተማውን ስም ስለወደደችው ልጄ ደብረሰን ናት እያለች ታወራ ስለነበር፣ ሰፈሩ ያለምዘውድን ገዳም የገባች አስመስሎ ነበር የሚጠያይቀው። እዚያ ሳለች ስለ አገሯ ሲጠይቋት ሁሉንም የምታውቅ ይመስላት ነበር። ቤት ከገባች ወዲህ ግን ምን ሲባል እንደሚሳቅ፣ ለማን እንደሚነሣ፣ የቱ ዝምታ አክብሮት የቱ ቅያሜ እንደሆነ እየጠፋት፣ አፏን ከመክፈቷ በፊት ሁለት ጊዜ የምታስብ ሰው ሆናለች። እናትን የሚያህል ሰው ሐዘንሽ በቃሽ ለማለት የትኛዋ ያለምዘውድ ትነሣ? የሄደችው ወይስ የተመለሰችው?

ዛሬ ጠዋት ግን ምሕረት ጓዳ ውስጥ ሰፌድ ገልብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በጣቶቿ ጫፍ ስትመታ ደረሰችባት። ምሕረት ደንግጣ ሰፌዱን ጣለችው። ያኔ ነው ያለምዘውድ ከመጣች ጀምሮ ከአልጋዋ ሥር የተኛውን ካርቶን ያስታወሰችው። ውስጡ በቴሌቪዥን የሚጫወቱት የጌም ከበሮና ጊታር አለ። ድምፅ የሌለው ከበሮ ነው፤ ድምፅ ከሌለው ማንንም አይነካም ብላ አሰበች። ሐሳቡ ንጹሕ መስሎ ታያት።

ምሕረት እንጨቶቹን አነሣች። ከበሮው አራት ባለ ቀለም ገበታዎች አሉት፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። ከሥር በእግር የሚረገጥ መምቻ አለው። ቴሌቪዥኑ ላይ ወደ ተመልካቹ የሚመጣ መንገድ ይታያል። በመንገዱ ላይ ባለ ቀለም ዶቃዎች እየተንከባለሉ ይወርዳሉ፤ ዶቃው መስመሩ ላይ ሲደርስ የቀለሙን ገበታ መምታት ነው። ያለምዘውድ ጊታሩን አንገቷ ላይ አጠለቀች። ምሕረት ጠጋ ብላ መረመረችው።

"ክሩስ?"

"ክር የለውም። እነዚህን ቁልፎች እየተጫንሽ ይቺን ምላስ ትገፊያለሽ።"

"እንደሱማ ከሆነ የሚዘፍነው ቴሌቪዥኑ ነው። አንቺ አስመሳይ ነሽ።"

ያለምዘውድ ሳቀች። ምንይሉም በስልክ ይህንኑ ነበር ያላት። አንድ ቀን በምስል ሲያወሩ ከኋላዋ የማደሪያ ጓደኞቿ ይህን ጌም ሲጫወቱ አይቶ፣ ሚኒባሱን ዳር አቁሞ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የሰው አገር ሰው የፕላስቲክ ጊታር ከመታ፣ ሲርበው ደግሞ የፕላስቲክ እንጀራ ይቆርስ ይሆናል አለ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ብዙ አልቆየም። ዶቃዎቹ ምሕረትን ጥለዋት አለፉ፤ ሥዕሉ ላይ ያሉት ተመልካቾች እጃቸውን አወራጩ፤ ቴሌቪዥኑም አቋረጣቸው። ሁለተኛውም እንደዚያው። ምሕረት የእንጨቱ አያያዝ አልመጣላት አለ፤ የሻደይ ከበሮ በመዳፍ ነው የሚመታው። በመጨረሻ እንጨቶቹን አልጋው ላይ ወረወረችና እጆቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ቴሌቪዥኑንም ማየት ተወች።

ቀኝ መዳፏ ቀዩን መታች፤ ግራው ቢጫውን። እግሯ መርገጫውን አገኘው። ፕላስቲኩ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ መርገጫው የጭቃውን ወለል ድም፣ ድም ያደርገዋል። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ያለምዘውድ የከበሮውን ጎን ግድግዳው ላይ አስደግፋዋለች፤ ግድግዳው ደግሞ ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው። ያን ጊዜ ግን ይህን ማን ያስባል? ምቱ ያለምዘውድን መጀመሪያ ትከሻዋ ላይ፣ ቀጥሎ ወገቧ ላይ አገኛት። ጊታሩን እንደ ሕፃን ወደ ጀርባዋ አዞረችው። የረሳችው የመሰላት እግሯ ራሱ አስታወሰ። ቴሌቪዥኑ ሁሉንም ስሕተት ነው እያለ በቀይ ብልጭ ድርግም ይላል፤ እኅትማማቾቹ ግን ድምፃቸውን አፍነው እየሳቁ ይሽከረከራሉ።

እልልታው የተሰማው በግድግዳው በኩል ነው።

ሁለቱም ባሉበት ቀሩ። እልልታው ከግድግዳው ወጥቶ በደጅ ዞረና አጥሩ ጋ ደረሰ። የጎረቤታቸው የእትዬ ደብሬ ድምፅ ነው። ብዙ እግር ተከተለ። ከዚያ ዓይናዲስ አቀነቀነች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት፦

*የዘጋሽው ደጃፍ ተከፈተልን ወይ፣*
*ከበሮሽን ሰምተን መጣን ከወንዙ ላይ።*

"አበቃልን" አለች ምሕረት ቀስ ብላ።

ያለምዘውድ በሩን ከፈተች። ሻደይ አጭደው ሲመለሱ እልልታው መንገድ ላይ የደረሰባቸው ልጃገረዶች እግራቸው ጭቃ እንደሆነ፣ የሣሩን ነዶ በራሳቸው እንደተሸከሙ ግቢውን ሞልተውታል። ጀሪካኑ ከነጠላ ውስጥ ወጥቷል። እትዬ ደብሬ ከፊት ቆመው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

"የታለች ወለተ ሚካኤል? ጉልበቷን ልሳም።"

"ቤተ ክርስቲያን ናት። እትዬ ደብሬ፣ እርስዎ የሰሙት…"

"እኔ የሰማሁትን እኔ አውቃለሁ። ከእናትሽ ጋር በዚህ ምት ነው ያደግሁት። ዓመት ሙሉ ጆሮዬን ግድግዳ ላይ ጥዬ ስጠብቀው ኖሬ አሁን ይጠፋኛል?"

ያለምዘውድ መጫወቻ ነው ልትል ፈለገች። መጫወቻ ብሎ ነገር በዚህ እንባ ፊት እንዴት ይባላል? ሌላ ቃል ስትፈልግ፣ ዘፈኑ ከኋላ ወደ ፊት እየተቆረጠ መጣ። መጨረሻ ላይ የቀሩት ዓይናዲስና ጀሪካኑ ነበሩ፤ እነሱም ዝም አሉ።

ወለተ ሚካኤል አጥሩ በር ላይ ቆማለች። ጥቁር ቀሚሷን እንደለበሰች፣ የጠበሏን ጠርሙስ በእጇ እንደያዘች። ልጃገረዶቹ መንገድ ለቀቁላት። በመካከላቸው አልፋ ገባችና መጀመሪያ ወደ ምስማሩ ቀና አለች። ከበሮው እንደተጠቀለለ አለ። ቀጥላ ወለሉ ላይ የቆመውን ባለ ቀለም ነገር አየች።

እትዬ ደብሬ ተከትለዋት ገብተው ነበር። እሳቸውም አዩ፤ እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ።

"ይኼ ነው የመታው? ደብረሰን ይኼን ነው ያስተማሩሽ፣ ልጄ?" አሉ፤ ከቁጣ ይልቅ ኀፍረት የወረደበት ድምፅ ነበር። ወደ ወለተ ሚካኤል ዞረው በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ ፈጠን ፈጠን እያሉ ተናገሩ። ያለምዘውድ ኽምጥኛዋ ግማሹ ጠፍቶባታል፤ እኔ ነኝ የሚለውንና ልጆቹ የሚለውን ብቻ ለቀመች። እናቷ በዚያው ቋንቋ በአጭሩ መለሰችላቸው። እትዬ ደብሬ ወደ ደጅ ወጡ፤ ልጆቹን ሂዱ ለማለት ግን ፊት አጥተው ከእነሱ ጋር ቆሙ።

ወለተ ሚካኤል መደቡ ላይ ተቀመጠች። ገና እህል አልቀመሰችም። ጠርሙሱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"እኔ ነኝ የመታሁት" አለች ምሕረት። "እሷ ተዪ ብላኛለች።"

"አላልኳትም" አለች ያለምዘውድ። "እኔ ነኝ ያወጣሁት። ድምፅ የለውም ብዬ ነው፣ እምዬ። ሰፈሩ እንዲህ ያስባል ብዬ…"

"ሰፈሩን ተዪው። በሩ ላይ ቆሜ እልልታውን ስሰማ እኔ ራሴ ምን እንዳሰብሁ ታውቂያለሽ? ረስቼው ይሆን እንዴ አልሁ። ሳላውቀው አውርጄው፣ ሳላውቀው መትቼ ይሆን አልሁ።"

ከደጅ አንዲት ልጅ ስታስል ተሰማ።

"የማን ነው ይኼ?"

"የምንይሉ ነው።"

ወለተ ሚካኤል ቀና ብላ ልጇን አየቻት።

"በስልክ አይቶት አምጪልኝ ብሎኝ ነበር" አለች ያለምዘውድ። "ወደ አገሩ ከሚመለስ ተማሪ ላይ ገዛሁት። እስክመጣ ድረስም ሳልለማመድ አልቀርም፣ እበልጠዋለሁ አልሁ።"

"መቼ ነው የገዛሽው?"

ያለምዘውድ ጊታሩን ከጀርባዋ ወደ ፊት አዙራ ወደ ቁልፎቹ አቀረቀረች። ይህን ጥያቄ ከመጣች ጀምሮ ፈርታዋለች፤ ካርቶኑም ከአልጋው ሥር የኖረው ለዚሁ ነው።

"አምና፣ ሐምሌ ውስጥ" አለች።

ምንይሉ የተቀበረው ሰኔ ላይ ነው። ሩቅ አገር ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፤ አጠገቧ ተቀምጦ የሚይዛት ሰው እስኪገኝ፣ ፈተናዋም እስኪያልፍ ይቆይ ተብሎ ተመከረ። በዚያ መካከል ያለምዘውድ በደወለች ቁጥር ስልኩን የምታነሣው ወለተ ሚካኤል ነበረች። ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ፣ ለቅሶኛውን በእጇ ዝም አሰኝታ፣ ድምፏን እንደ ወትሮው አድርጋ፣ ምንይሉ አምደወርቅ ሄዷል፣ እዚያ ደግሞ ኔትወርክ የለም ትላት ነበር። መርዶው ሲደርሳት ያለምዘውድ በእናቷ አልተቀየመችም። ስለዚያ ጊዜ ግን ሁለቱ አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም።

"አምደወርቅ ሄዷል ካልሽኝ ቀኖች በአንዱ ነው" አለች። "ካርቶኑን በትራም ተሸክሜው ስሄድ ሰው ሁሉ ያየኛል። ሲያየው ምን ይል ይሆን እያልሁ ብቻዬን እስቅ ነበር።"

ወለተ ሚካኤል ጠርሙሱን ከጭኗ ወደ መደቡ አዛወረችው።

"እንግዲህ ወንድምሽ ካንቺ ዘንድ ትንሽ ሰንብቷላ" አለች።

"ሰንብቷል።"

"ደህና ነበር?"

"ደህና ነበር፣ እምዬ። ይስቅ ነበር።"

ወለተ ሚካኤል ራሷን ቀስ ብላ ነቀነቀች፤ ከሩቅ የመጣ ሰው የታመነ ወሬ እንደነገራት ሁሉ። ምሕረት ሹልክ ብላ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠችና ጉልበቷን ተደገፈች።

"የቱን ነበር እሱ እይዛለሁ ያለው?"

"ጊታሩን። ከበሮው ለእምዬ ይሁን ነው ያለው።"

"ብልጥ" አለች ወለተ ሚካኤል፤ አፏ ጠርዝ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። "ምት እንደማያውቅ ያውቃላ። መሪውን እየደበደበ ሲዘፍን የአምደወርቅ ሰዎች ወይ ንዳ ወይ ዝፈን ይሉት እንደነበር አልነገረሽም?"

"እኔ ሰምቻለሁ" አለች ምሕረት። "አንድ ቄስ ወርደው በእግሬ እሄዳለሁ ብለዋል።"

ወለተ ሚካኤል በአፍንጫዋ ሳቀች። ሳቁ መንገድ ላይ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥ ሲል በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ በጣቷ ቀዩን ገበታ ነካ አደረገችው። ቴሌቪዥኑ ብልጭ አለ።

"ምን አለኝ?"

"ተሳስተሻል አለሽ።"

"ይበል" አለችና ደግማ መታችው። አሁን በመዳፏ ነው፤ አንዴ፣ ከዚያ በግራዋ። በመጨረሻ እጇን ገበታው ላይ አሳረፈችና ከደጅ የሚመጣውን ዝምታ አዳመጠች።

"አልሄዱም እነዚያ?"

ምሕረት በበሩ ቀዳዳ አየች። "ቆመዋል። እትዬ ደብሬ የተገለበጠ ቁና ላይ ተቀምጠዋል።"

"በሣሩ ሸክም እንደቆሙ?"

"እንደቆሙ።"

ወለተ ሚካኤል ተነሣች። በርጩማውን ወደ በሩ ጎተተችና ወጣችበት። ያለምዘውድ ልትይዛት ብትጠጋ በክንዷ ገፋ አደረገቻት። ከበሮውን ከምስማሩ አላቀቀችው፤ ይዛው ወርዳ መደቡ ላይ አኖረችው፤ ቋጠሮውን ፈታች። ጥቁሩን ነጠላ አራገፈችና፣ አጥፋ ታስቀምጠዋለች ብለው ሲጠብቁ፣ በለበሰችው ላይ ደርባ ትከሻዋ ላይ ጣለችው።

በመካከለኛ ጣቷ ቆዳውን ነካችው። ከበሮው የታፈነ ድምፅ ሰጠ።

"ረግቧል" አለች።

አንሥታው ወጣች። ከቀትር በፊት የጣለው ዝናብ አባርቶ፣ ከዳመናው ሥር የወጣችው ፀሐይ የድንጋዩን አጥር ታሞቀው ነበር። ልጃገረዶቹ ቀና ብለው ሊያዩዋት አልደፈሩም። እትዬ ደብሬ ከተቀመጡበት ተነሡ፤ እልልታው ጉሮሯቸው ላይ ደርሶ ሳይወጣ ቀረ። ወለተ ሚካኤል ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጣ፣ ሰፊውን የከበሮውን ፊት ወደ ፀሐይ አድርጋ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ ዓይናዲስ ዞረች።

"ያን ጀሪካን ለእናትሽ መልሺላት። ውኃ የምትቀዳበት አጥታ ይሆናል።"

"እሺ" አለች ዓይናዲስ፤ ጀሪካኑን ከኋላዋ ደበቀችው።

"ምሕረት፣ አንቺ እዚህ ተቀመጪ። ፀሐይዋ ስትዞር አብረሽ አዙሪው። ቆዳው እኩል ካልሞቀ ነገ ያሳፍርሻል።"

ነገ የሚለው ቃል ከአንዷ ልጅ ወደ ሌላዋ አለፈ፤ ነዶዎቹ አንድ በአንድ ከራስ ላይ ወረዱ። ምሕረት ድንጋዩ አጠገብ ተንበረከከች። ወለተ ሚካኤል ግን ቆማ አላየችም። ሁለቱን ጥቁር ነጠላዎች አጥብቃ ተከናንባ ወደ ቤት ተመለሰች። አልጋው አጠገብ ያለምዘውድ ፕላስቲኩን ጊታር እንዳጠለቀች ቆማ ነበር፤ ካርቶኑን በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ልትገፋው ስትል እናቷ ክንዷን ያዘቻት።

"አታስገቢው" አለቻት። "ከሰው ፊት ይቀመጥ።"

ያለምዘውድ ጊታሩን ከአንገቷ አወጣች። የት እንደምታኖረው ትንሽ አሰበችና፣ በርጩማው ላይ ወጥታ፣ ከበሮው በተነሣበት ምስማር ላይ ሰቀለችው።